ምዕራፍ ሰባት፦ ሁለተኛው ምሰሶ

በምዕራፍ ሦስት የንግድ ገንዘብ ከቤት ወጪ ተለይቶ ካልተያዘ ትርፍንና ኪሳራን በትክክል ማወቅ እንደማይቻል ታይቷል፤ በምዕራፍ አምስት ደግሞ ትርፋማ የሆነ ሥራ እንኳ ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ሳይገጣጠም ሲቀር ሊዘጋ እንደሚችል በስሌት ተብራርቷል። ሁለቱም ምዕራፎች ሳይጠይቁ ያለፉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ባለቤቱ በየማለዳው ጤነኛ ሆኖ ተነሥቶ፣ ቁልፉን ይዞ መጥቶ፣ በሩን እንደሚከፍት ነው። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው እሱ ሳይመጣ የቀረበትን ማለዳ፣ ወይም መጥቶ በሩን፣ ዕቃውን ወይም ገንዘቡን እንደ ትናንቱ ሳያገኝ የቀረበትን ማለዳ ነው።

በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው የሚባለው ቀጣሪ የሌለው፣ ገቢውን ከገዛ ሥራው የሚያገኝ፣ ትርፉንም ኪሳራውንም ብቻውን የሚሸከም ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ ባለሱቁ፣ የጋራዥ ባለቤቱ፣ ፀጉር ቤት ወይም ምግብ ቤት ከፍታ የምታስተዳድር ሴት፣ በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ ደግሞ ባልታሰበ ምክንያት የዕለት ሥራ ሲቋረጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ በምን ገንዘብ እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሚሠራ አስቀድሞ ተወስኖ በጽሑፍ የተቀመጠ ውሳኔ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍልና ባለሙያ ይመድባሉ፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን ጥቂት ገጾች ይበቃሉ፣ ገጾቹ በአንድ ግልጽ ሐሳብ ላይ ከተመሠረቱ።

ጎጆውና ምሰሶው

መሐል ምሰሶ ባለው ጎጆ ቤት የጣሪያው ወራጆች ሁሉ ምሰሶው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ከግድግዳው አንድ ማገር ቢላላ ነፋስ ይገባል እንጂ ቤቱ አይወድቅም፤ ከክዳኑ ጥቂት ሣር ቢነሣም ዝናብ ያንጠባጥባል እንጂ ጣሪያው ባለበት ይቆያል። ምሰሶው የተሰበረ እንደ ሆነ ግን እስከዚያ ድረስ ደህና የነበሩት ወራጆች፣ ማገሩና ክዳኑ ሁሉ አብረው ይወርዳሉ። ምሰሶውን ምስጥ ይብላው፣ እርጥበት ያበስብሰው ወይም ነፋስ ይስበረው፣ ከጣሪያው ሥር ላለው ሰው ውጤቱ አንድ ነው፤ የእሱን ዕጣ የሚወስነው ክብደቱን የሚቀበል ባላ በአጠገቡ አስቀድሞ መቆሙ ወይም አለመቆሙ ነው።

የግል ሥራም ብዙ ክብደት በጥቂት ድጋፎች ላይ የሚያሳርፍ ቤት ነው። ደንበኛውን የሚያውቀው፣ ዋጋ የሚቆርጠው፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር የሚደራደረው፣ ቼክ የሚፈርመው፣ የዱቤውን መዝገብ የሚይዘው አንድ ሰው ከሆነ፣ የዚያ ሰው ለሁለት ወር አልጋ ላይ መዋል አምስቱንም ሥራዎች በአንድ ቀን ያቆማቸዋል። በምሕንድስና እንዲህ ያለው ክፍል ብቸኛ የብልሽት ነጥብ ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ሲበላሽ ሥራውን በሙሉ የሚያቆም ክፍል ማለት ነው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ከዚህ ይመነጫል፦ የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ ማውጣት ማለት ሥራው በብቸኝነት የተደገፈባቸውን ነገሮች ለይቶ ለእያንዳንዳቸው ባላ ማቆም ማለት ነው።

አደጋን ከመቁጠር ድጋፍን መቁጠር

ብዙ ሰው ለክፉ ቀን መዘጋጀትን ሲያስብ የሚጀምረው ሊመጡ የሚችሉ አደጋዎችን በመዘርዘር ነው። ዝርዝሩ ግን መጨረሻ የለውም፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በኢትዮጵያ ያለፉት ዓመታት ይህን በግልጽ አሳይተዋል። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገሪቱ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋረጠ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተቀየሩ፣ አሮጌውን ለመለወጥም የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያው 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በርካታ የንግድ ቤቶችን ከነባር ቦታቸው አስነሣ፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት፣ በሱቆቹ መጠጋጋትና በመንገዱ ጥበት የተነሣ ለማጥፋት እጅግ አስቸግሮ፣ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አወደመ።

በ2011 ዓ.ም. ተቀምጦ ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ሊተነብይ የሚችል ነጋዴ አልነበረም። ሆኖም እያንዳንዱ ክስተት የነካው ሥራው ከቆመባቸው አራት ድጋፎች አንዱን ወይም ሁለቱን ነው፦ ባለቤቱን ራሱን፣ የሥራውን ገንዘብ፣ ዕቃውንና ቦታውን፣ ወይም ሥራው በየዕለቱ የሚጠቀምባቸውን የሌሎች አገልግሎቶች፣ ማለትም ባንክን፣ ኔትወርክን፣ መብራትንና አቅራቢን። ወረርሽኙ ባለቤቱንና የዕለት ገቢውን ነካ፤ እሳቱ ዕቃውንና ቦታውን፤ የምንዛሪው ለውጥ የገንዘቡን የመግዛት አቅም፤ የኢንተርኔቱ መቋረጥ የመገናኛ መንገዱን። የአደጋዎቹ ቁጥር የማይወሰን ቢሆንም የድጋፎቹ ቁጥር የተወሰነ መሆኑ ዕቅድ ማውጣትን ለአንድ ሰው የሚቻል ሥራ ያደርገዋል።

ለእያንዳንዱ ድጋፍ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ይህ ድጋፍ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ሥራው በስንት ቀን ይቆማል? ክብደቱን ለጊዜው ሊቀበል የሚችለው ማን ወይም ምንድን ነው? ያ ተቀባይ ዝግጁ እንዲሆን ዛሬ ምን መሠራት አለበት? ቀጥለው የሚመጡት ክፍሎች እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ በአራቱ ድጋፎች ላይ ያነሣሉ።

ባለቤቱ፦ አካሉና ፊርማው

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዙን እያገኘ፣ ከዚያም ለሦስት ወራት ያለ ክፍያ የሥራ ቦታው ተጠብቆለት ሊታከም ይችላል፤ የወለደች ሠራተኛም የ120 ቀን ፈቃድ ከነክፍያው አላት። ሁለት ሠራተኞች ቀጥሮ ይህን ግዴታ የሚወጣ የጋራዥ ባለቤት ራሱ ሲታመም ተመሳሳይ ጥበቃ የሚያደርግለት አካል የለም። ሕመሙ ለእሱ እጥፍ ጉዳት ነው፤ በአንድ ወገን የሕክምና ወጪ ይመጣል፣ በሌላ ወገን ወጪውን ይከፍል የነበረው ገቢ ይቆማል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ በሰፊው የተዳረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደመወዝተኛ ላልሆኑ ቤተሰቦች የታሰበ በመሆኑ የመጀመሪያውን ጉዳት ያቃልላል፤ ሁለተኛውን፣ ማለትም የቆመውን ገቢ፣ አይተካም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ዕቅዱ ነው።

ከባለቤቱ ወደ ሌላ ሰው መተላለፍ ያለባቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ችሎታው፣ ሌላው ሥልጣኑ። ችሎታ የሚተላለፈው በልምምድ ሲሆን፣ የልብስ ስፌት ባለሙያዋ ልኬት መውሰድንና ጨርቅ መቁረጥን ለረዳቷ ካላሳየች በቀር ሦስት የስፌት መኪና ቢኖራትም በሌለችበት ቀን ሦስቱም ይቆማሉ። ሥልጣን የሚተላለፈው ግን በሰነድ ነው፤ ብዙ የግል ሥራዎች የሚሰናከሉትም በዚህ በኩል ነው። ወንድሙ ዕቃውን ሁሉ የሚያውቅ፣ ደንበኛውም የሚያምነው ቢሆን እንኳ ውክልና ከሌለው ከባንክ ገንዘብ ማውጣትም ሆነ በግብር ጉዳይ ቀርቦ መፈረም አይችልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓይነት ውክልናን ይለያል። ጠቅላላ ውክልና ተወካዩን የአስተዳደር ሥራ ያስችለዋል፤ ይህም ንብረትን መጠበቅን፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን፣ ዕዳ መሰብሰብንና መክፈልን፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ወይም ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥን ያካትታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት፣ የሐዋላ ሰነድ መፈረም፣ ክስ ማቅረብና ለክስ መልስ መስጠት ግን ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባለሱቁ ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄዱ በፊት በሌለበት ጊዜ እንዲሠሩለት የሚፈልጋቸውን ተግባራት አንድ በአንድ ጽፎ መያዝ፣ ባንኩም እንዲህ ያለውን ውክልና ተቀብሎ የሚያስተናግድ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የውክልናው ጉድለት በሕመም ጊዜ ቢታወቅ ለማረም የሚያስፈልገው ፊርማ ራሱ ላይገኝ ይችላልና።

ውክልና ግን ወሰን ያለው ባላ ነው። በሕጉ መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ሕጋዊ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል፤ በሟች ስም ያለ የባንክ ሒሳብም ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪያቀርቡ ድረስ አይንቀሳቀስም። በዚህ መካከል ኪራይ ይቆጠራል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይደርሳል፣ የሚበላሽ ዕቃ ይበላሻል። ለዚህ ጊዜ የሚያገለግለው ኑዛዜ ነው፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም ሲኖርበት፣ በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የሚደረገው ደግሞ በሙሉ በራሱ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ፣ ቀን ተጽፎበትና ተፈርሞ መገኘት አለበት። ኑዛዜ ማን ምን እንደሚወርስ ከመናገሩ ባሻገር ሥራውን እስከ ውርሱ ፍጻሜ የሚያስተዳድረውን ሰው ሊሰይም ይችላል፤ ለሱቅም ሆነ ለምግብ ቤት ከክፍፍሉ ቀድሞ የሚያስፈልገው ይህ ስያሜ ነው።

ሥራው እያደገ የሄደ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ሌላም አማራጭ አለ። የንግድ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲሻሻል አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ተፈቅዷል። በግለሰብ ስም በሚሠራ ንግድ የሥራው ዕዳ እስከ ቤት ዕቃ ድረስ ባለቤቱን ይከተላል፤ በማኅበር መልክ ሲደራጅ ግን ሥራው የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስለሚኖረው ንብረቱም ዕዳውም ከባለቤቱ ይለያል። በምዕራፍ ሦስት በደብተር ላይ የተደረገው መለየት በዚህ መንገድ በሕግ ፊትም ይጸናል።

በአንድ ሰው ጭንቅላት ያለ መዝገብ

ከባለቤቱ ጋር ከሚጠፉት ነገሮች ሁሉ ቶሎ የሚዘነጋው ትዝታው ነው። ማን በዱቤ ምን እንደወሰደ፣ ለየትኛው ጅምላ ሻጭ በቃል ስምምነት ምን ያህል ገንዘብ መቼ እንደሚከፈል፣ የትኛው ደንበኛ ቅድሚያ ከፍሎ ዕቃ እንደሚጠብቅ፣ ዕቁቡ በስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ የሚገኝ አይደለም፤ ቢጻፍም ከጻፈው ሰው በቀር ሊያነበው የሚችል የለም። እንዲህ ያለው ሥራ ባለቤቱ በጠና የታመመ ጊዜ ባለዕዳው ይደበቃል፣ ባለገንዘቡ ግን በዚያው ሳምንት ይመጣል።

ለዚህ የሚቆመው ባላ የመረካከቢያ ደብተር ነው፤ ሥራውን ለማያውቅ ግን ለታመነ ሰው፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማሠራት የሚችል መረጃ የያዘ አጭር መዝገብ ማለት ነው። በውስጡ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የኪራይ ውሉና የመድን ውሉ የት እንዳሉ፤ የሚሰበሰብና የሚከፈል ዕዳ ከነስሙና ከነቀኑ፤ የአቅራቢዎች ስልክና የየዕቃው የመግዣ ዋጋ፤ በየወሩ በየትኛው ቀን ምን እንደሚከፈል፤ ለመሣሪያ ጥገናና ለመብራት ብልሽት የሚጠራው ሰው ይጻፋሉ። የባንክና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ግን እዚህ ደብተር ውስጥ አይገባም፤ በእሱ ፋንታ የሚደረገው በሒሳቡ ላይ በሕጋዊ መንገድ ተጨማሪ ፈራሚ ማስመዝገብ ነው፤ ሚስጥር ቁጥር ለሌላ መስጠት ገንዘቡን ለስርቆት፣ የተሰጠውንም ሰው ለጥርጣሬ ያጋልጣልና።

ገንዘቡ፦ የመቆያ ቀናት

የገንዘብን ድጋፍ ለመመዘን አንድ ቀላል ልኬት አለ፤ በዚህ መጽሐፍ የመቆያ ቀናት ይባላል። ሥራው ምንም ገቢ ሳያገኝ ሊቀሩ የማይችሉትን ወጪዎች እየከፈለ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ያሳያል። ለምሳሌ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት በወር ለኪራይ 30,000 ብር፣ ለሠራተኞች 18,000 ብር፣ ለዕቁብ 12,000 ብር፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለጥበቃ 3,000 ብር፣ ለቤት ቀለብና ለልጆች ትምህርት ቤት 27,000 ብር የምታወጣ ከሆነ ድምሩ 90,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ለ30 ቀን ሲካፈል የዕለት ወጪዋ 3,000 ብር ነው። በማንኛውም ሰዓት ልታወጣው የምትችለው ገንዘብ 60,000 ብር ከሆነ የመቆያ ቀናቷ 20 ናቸው። የቤት ወጪ በስሌቱ ውስጥ መግባቱ ከምዕራፍ ሦስት ትምህርት ጋር አይጋጭም፤ ሒሳቦቹ ተለይተው መያዛቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በክፉ ቀን ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ምንጭ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በቂው ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚወሰነው በሥራው ጠባይ ነው። በቀላል የቀዶ ሕክምና አንድ ወር የምትተኛ ሴት 20 ቀን አይበቃትም፤ ልጅ የምትጠብቅ የፀጉር ቤት ባለቤት ደግሞ የምትቀርበትን ጊዜ ከወራት በፊት ስለምታውቅ ያንን ጊዜ ለመላው ዕቅዷ መለማመጃ ልታደርገው ትችላለች። ቁጥሩን ማሳደጊያው መንገድም በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማስቀመጥን አይጠይቅም፤ በየሳምንቱ የአንድ ቀን ወጪ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ የምታስቀምጥ ሰው በዓመት 52 የመቆያ ቀናት ታገኛለች፤ ባለ 20 ቀኗም በአሥር ሳምንት ውስጥ 30 ትደርሳለች።

ዕቁብና ዕድር በዚህ ስሌት ውስጥ ያላቸው ቦታ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዕጣው ያልወጣለት ሰው የከፈለው ዕቁብ ቁጠባው ነው፤ ነገር ግን በፈለገው ቀን የሚያወጣው ባለመሆኑ በመቆያ ቀናት ውስጥ አይቆጠርም። ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን በዕቃ ላይ ያዋለ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው ዙር ባለዕዳ ነው፤ ቢታመምም መክፈሉ አይቀርም፤ ባይከፍል ዋሱ ይጠየቃል። በብዙ ዕቁቦች ዕጣ የደረሰው አባል ለተቸገረ ሰው ተራውን መልቀቅ የተለመደ ስለሆነ፣ አባላት ሕመም ወይም ቃጠሎ ለደረሰበት ሰው ተራ እንዴት እንደሚሰጥ ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት አስቀድመው ቢወስኑ ዕቁቡ ከቁጠባነት አልፎ ባላ ይሆናል። የዕድር ጥንካሬ በሰው ነው፤ ሐዘን ሲደርስ ቤተሰቡን ብቻውን አይተወውም፤ የሚከፍለው ገንዘብ ግን ለቀብርና ለሐዘን የታሰበ በመሆኑ የሱቁን ኪራይ እንዲሸፍን መጠበቅ ዕድሩን ካልተቋቋመለት ዓላማ ጋር ማደባለቅ ነው።

ዕቃውና ቦታው፦ መድን እንዴት እንደሚሠራ

ብዙ ሰዎች በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ፣ ማለትም አረቦን፣ አዋጥተው የጥቂቶቹን ትልቅ ጉዳት የሚከፍሉበት ሥርዓት መድን ወይም ኢንሹራንስ ይባላል። በእሳት የወደመን ዕቃ ብቻውን የሚተካ ቁጠባ የሚኖረው ነጋዴ ጥቂት ስለሆነ፣ ለዚህ ድጋፍ ዋነኛው ባላ ይህ ነው። ውሉን የሚፈርም ሰው ግን የሚያሳርፈውን ክብደት ባላው ይችለው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ነገሮችን መረዳት አለበት።

የመጀመሪያው ከዋጋ በታች መድን መግባት የሚያስከትለው ውጤት ነው። በሱቁ ውስጥ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ያለው ነጋዴ አረቦን ለመቀነስ ሲል በ1,000,000 ብር ብቻ መድን ገባ እንበል። ከዕቃው 600,000 ብር የሚያወጣው ቢቃጠል ጉዳቱ ከ1,000,000 በታች ስለሆነ ሙሉው ይከፈለኛል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የመድን ስሌት ግን የዕቃውን ግማሽ ብቻ እንዳስመዘገበ ስለሚቆጥር የጉዳቱን ግማሽ፣ 300,000 ብር ብቻ፣ ይከፍለዋል። ይህ የተመጣጣኝነት ደንብ ይባላል። ከ2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በመናሩ፣ ውሉን በአሮጌው ዋጋ እያደሰ የቆየ ነጋዴ አንዲት ዕቃ ሳይጨምር ከዋጋ በታች ወደሚገኝ መድን ሊወርድ ይችላል። ነጋዴው ግብሩን ለማወራረድ ሰኔ 30 ዕቃ ሲቆጥር የተገኘውን ድምር ከመድን ውሉ ጋር ማነጻጸር ይህን ጉድለት በየዓመቱ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ውሉ የማይሸፍነው ነው። ተራ የእሳት መድን በአብዛኛው በሁከት የደረሰን ጉዳት አይጨምርም፤ ለእሱ ተጨማሪ ሽፋን በተጨማሪ አረቦን ይገዛል። ሦስተኛው በዕቃ መጥፋትና በገቢ መቆም መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእሳት መድን የተቃጠለውን ዕቃ ይከፍላል፤ ሱቁ እስኪጠገን በተዘጋባቸው ወራት የቀረውን ገቢ ግን አይከፍልም፤ ይህኛው የንግድ መቋረጥ መድን የሚባለውን ሌላ ውል ይጠይቃል። ያንን ውል ያልገዛ ሰው እነዚያን ወራት በመቆያ ቀናቱ መሻገር ይኖርበታል፤ ካሳውም የሚከፈለው የዕቃው መኖርና ዋጋው በደረሰኝና በመዝገብ ሲረጋገጥ በመሆኑ የደረሰኝ ቅጂዎች ከሱቁ ውጭ መቀመጥ አለባቸው።

ባንክ፣ ኔትወርክና አቅራቢ

አራተኛው ድጋፍ ባለቤቱ የማይቆጣጠረው ነው፤ ስለዚህ ሊያደርግ የሚችለው አማራጭ ማብዛት ብቻ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል በአነስተኛ ሱቅ ሳይቀር የዕለት ልማድ ሆኗል፤ ገቢው ሁሉ በአንድ የስልክ ሒሳብ የሚገባ ሰው ግን ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ገንዘብ እያለው ዳቦ መግዛት ሊያቅተው ይችላል። የሁለት ባንክ ሒሳብ፣ የሁለት ወይም ሦስት ቀን ወጪ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ፣ በእጅ የሚሞላ የዱቤ ደብተር፣ አልፎ አልፎም ቢሆን የሚገዛለት ሁለተኛ አቅራቢ ብዙ ወጪ የሌላቸው ባላዎች ናቸው። ሁለተኛው አቅራቢ በችግር ቀን ብቻ የሚታወስ ከሆነ ዕቃ ባነሰ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዘወትር ደንበኞቹ ነውና፣ ግንኙነቱ በደህና ቀን መጠበቅ አለበት።

አብረው የሚወድቁ ድጋፎች

እስካሁን የተነሡትን ሁሉ ያሟላ ሰው እንኳ ሊስተው የሚችል አንድ ቁም ነገር አለ፤ ባላው ከምሰሶው ጋር በአንድ ምክንያት አብሮ የሚወድቅ ከሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የዱቤው ደብተር ቅጂ በዚያው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ እሳቱ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ተወካዩ ባለቤቱ በሚጓዝበት መኪና አብሮ የሚጓዝ ረዳት ከሆነ አንድ የመንገድ አደጋ ሁለቱንም ያስተኛል። ሁለተኛው ሱቅ በዚያው ተራ ከሆነ በአንድ ምሽት ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ሁለቱ አቅራቢዎች ከአንድ አስመጪ የሚገዙ ከሆነ የአስመጪው ችግር በሁለቱም በኩል ይደርሳል።

ይህ ነጥብ በተለይ መጠባበቂያን በሚመለከት ከነጋዴው ልማድ ጋር ይጋፋል። ብር የመግዛት አቅሙ በሚቀንስበት ጊዜ ትርፍን በጥሬ ገንዘብ ከመያዝ ዕቃ ገዝቶ መደርደር አዋጭ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠባበቂያው ሁሉ ዕቃ ከሆነ ሱቁ በተቃጠለ ቀን መጠባበቂያውም ተቃጠለ ማለት ነው፤ ገበያ በቆመበት ወረርሽኝም ዕቃው ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ስለዚህ ከዋጋ ንረት የሚደርሰው መጠነኛ ኪሳራ ለመቆያ ቀናቱ ያህል ገንዘብ የሚከፈል የጥበቃ ዋጋ ተደርጎ መታየት አለበት፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ዕቃ ቢሆን አይከፋም። የሰነዶቹ ቅጂም እንዲሁ አንዱ በሱቅ፣ አንዱ በቤት፣ አንዱ በሌላ ሰፈር ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመድ እጅ በፎቶ ቢቀመጥ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ክስተት ብርቅ ይሆናል።

ዕቅዱን መፈተን

ተጽፎ የተቀመጠ ዕቅድ ሳይፈተን የሚሠራ መሆኑ አይታወቅም። ፈተናው ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት ሳምንት ሦስት የሥራ ቀናት ይቀራል፣ ስልክም አያነሣም፤ ተወካዩ በመረካከቢያ ደብተሩና በውክልናው ብቻ ሥራውን ያካሂዳል። በሦስተኛው ቀን ማታ ተወካዩ ያጣውን መረጃ፣ የተከለከለውን ፊርማ፣ ያልተቀበለውን ደንበኛ በዝርዝር ይጽፋል፤ ያ ዝርዝር የዕቅዱ እርማት ነው። በየዓመቱ ሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ የመቆያ ቀናቱ እንደገና ይሰላሉ፣ የመድኑ መጠን ይስተካከላል፣ ያልታደሰ ውክልና ይታደሳል።

እንዲህ የተዘጋጀ ሥራ ጥቅሙ አደጋ እስኪደርስ አይጠብቅም። ባለቤቱ ሳይኖር ሦስት ቀን የሠራ ሱቅ ባለቤቱ ሌላ ዕቃ ፍለጋ እንዲሄድ፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ እንዲያስብ፣ የታመመች እናቱን አገር ቤት ሄዶ እንዲያስታምም ያስችለዋል፤ መዝገቡ የጠራ በመሆኑም ለብድርም ሆነ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው በማስረጃ ይታያል። ሕጉ ለሠራተኛ የሰጠውን የመታመም፣ የመውለድና የማረፍ መብት ለግል ሥራ ባለቤት የሚሰጠው ሌላ አካል በሌለበት ሁኔታ፣ ያንን መብት ለራሱ ማበጀት የሚችለው እሱ ራሱ ነው፤ ማበጃውም ሥራው ሳይናጋ የእሱን መቅረት እንዲችል አድርጎ ማደራጀት ነው። ቀጣዩ ምዕራፍ ይህ ዝግጅት ያስገኘው ነፃነት ሥራን ወደ ማሳደግ እንዴት እንደሚመራ፣ በተለይም የመጀመሪያውን ሠራተኛ ከመቅጠር በፊት መመዘን ያለባቸው ወጪዎችና ግዴታዎች ምን እንደሆኑ ይመረምራል።